የቡና ዛፍ ክብደቱን ከየት አመጣ? ተማሪው ዕውቀቱን ራሱ እንዲገነባ የሚያደርግ የትምህርት አዘገጃጀት

ከዓመታት በፊት ጅማ ውስጥ ስለ ፈሳሾች ሳስተምር፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ነገሩን በዓይን ለማሳየት ብዬ ከሰል ማንደጃ ላይ በተጣደ ድስት ውስጥ ቴርሞሜትር ነከርኩ። ውሃው ተንተከተከ፤ ቴርሞሜትሩ ግን 94 ላይ ደርሶ አልንቀሳቀስ አለ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ፤ እኔም ሰዓቱ እያለቀብኝ ስለነበር «አዎ፣ አሮጌ ነው» ብዬ አለፍኩት። ቴርሞሜትሩ ምንም አልሆነም ነበር። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ በዚህ ግፊት ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው።

በዚያ ቀን እኔና ተማሪዬ ያደረግነው፣ ኮንስትራክቲቪዝም ወይም ግንባታዊነት የተባለው የመማር ንድፈ ሐሳብ ሊያስረዳው ከሚሞክረው ነገር ዋነኛው ነው። በአእምሯችን አስቀድሞ ከተቀመጠው ጋር ያልገጠመ ማስረጃ ሲመጣብን፣ የተቀመጠውን ሳንነካ ማስረጃውን ጥፋተኛ አድርገን አሰናበትነው። ይህ መመሪያ አንድ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ንድፈ ሐሳቡን ወደ አንድ ትምህርት ለመለወጥ ምን ምን ማድረግ እንዳለበት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል። ለምሳሌነት የመረጥኩት ርእስ ፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም ተክል በብርሃን ጉልበት ምግቡን የሚሠራበት ሂደት፣ ለምሳሌነት የመረጥኩት ተክል ደግሞ እያንዳንዱ የጅማ ልጅ የሚያውቀው ቡና ነው።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ንድፈ ሐሳቡ የሚለውና የማይለው

እ.ኤ.አ. በ1896 በስዊዘርላንድ ኑሻቴል የተወለደው ዣን ፒያዤ በሥነ ሕይወት የሠለጠነ ሰው ነበር። በ1920 አካባቢ ፓሪስ ውስጥ ለልጆች የተዘጋጁ የማመዛዘን ፈተናዎችን ሲሠራ ትኩረቱን የሳበው ትክክለኛው መልስ ሳይሆን የተሳሳተው ነበር፤ በአንድ የዕድሜ ክልል ያሉ ልጆች የሚሳሳቱት በዘፈቀደ ሳይሆን በተመሳሳይ መንገድ መሆኑን አስተዋለ። ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ሐሳብ፣ ልጅ ባዶ እንስራ አለመሆኑን፣ ይልቁንም ዓለምን የሚረዳበት የራሱ መዋቅር እንዳለው የሚገልጽ ነው። አዲስ ነገር ሲመጣ ይህ መዋቅር ወይ አዲሱን ወደ ራሱ መልክ አምጥቶ ይቀበለዋል፣ ይህም አሲሚሌሽን ይባላል፤ ወይም አዲሱን ለመቀበል ሲል ራሱ ይለወጣል፣ ይህም አኮሞዴሽን ይባላል። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» ማለት አሲሚሌሽን ነው። «የመፍላት ነጥብ ከከፍታ ጋር ይለዋወጣል ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን የአኮሞዴሽን ጅማሬ ነው። ሁለቱ የሚለያዩት በተማሪው ጉብዝና ሳይሆን፣ መምህሩ በዚያች ደቂቃ በሚያደርገው ነገር ነው።

ሌቭ ቪጎትስኪ በዚያው በ1896 ተወልዶ በ1934 በሳንባ ነቀርሳ በ37 ዓመቱ የሞተ የሶቪየት ኅብረት ሥነ ልቡና ሊቅ ነው። እርሱ ደግሞ መዋቅሩ በሰዎች መካከል፣ በተለይም በቋንቋ አማካይነት እንደሚገነባ አጥብቆ ተናገረ። ልጁ ብቻውን ሊሠራ በሚችለውና ከእርሱ የተሻለ ሰው ሲያግዘው ሊሠራ በሚችለው መካከል ያለውን ስፍራ የቅርብ ዕድገት ክልል ብሎ ሰየመው፤ ማስተማርም ፍሬ የሚያፈራው በዚህ ክልል ውስጥ ነው አለ።

ንድፈ ሐሳቡ የማይለውንም መናገር ይገባል፤ ምክንያቱም እኛ ዘንድ ተማሪ ተኮር የሚለው አባባል ለረጅም ጊዜ በየሥልጠናው ሲነገር ቆይቶ፣ ለብዙ መምህር ትርጉሙ ወንበር አዙሮ በቡድን ማስቀመጥና ዝም ማለት ሆኗል። ኮንስትራክቲቪዝም በተማሪ ጭንቅላት ውስጥ የሚሆነውን የሚገልጽ ሐሳብ እንጂ የአቀማመጥ ሥርዓት አይደለም። መምህሩ ሲናገር በጸጥታ የሚያዳምጥ ተማሪም ቢሆን የሚሰማውን ከነባሩ ጋር እያገናኘ የራሱን ትርጉም ይገነባል፤ አምስት ሆነው የተቀመጡ ተማሪዎችም አንዱ ጽፎ አራቱ ቢገለብጡ አንዳች አይገነቡም። ስለዚህ ጥያቄው ተማሪው ይገነባል ወይስ አይገነባም የሚለው አይደለም። መገንባቱ አይቀርም፤ ጥያቄው ምን እየገነባ እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ ወይ የሚለው ነው።

ደረጃ 1፦ ርእሱን ወደ አንድ ጥያቄ ይለውጡ

የዕለት ትምህርት ዕቅድዎ ላይ «ፎቶሲንተሲስ» ብለው ጽፈው ከሆነ ይሰርዙት። ርእስ ለመማሪያ መጽሐፍ እንጂ ለአእምሮ አይመችም። በምትኩ ተማሪው ያለ ትምህርት ቤት ዕውቀት ሊመልሰው የሚችል፣ መልሱ ግን የትምህርቱን እምብርት የሚነካ አንድ ጥያቄ ያስቀምጡ። የእኔ ጥያቄ እንዲህ ይነበባል፦ «አንዲት የቡና ፍሬ ስትተከል ከአንድ ግራም አትበልጥም። ከዓመታት በኋላ ዛፉ ቢቆረጥ፣ ደርቆም እንኳ፣ ከአንድ ፈረሱላ በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህ ሁሉ ክብደት ከየት መጣ?» ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም መሆኑን በቡና አገር ላደገ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ደረጃ 2፦ ተማሪዎቹ አስቀድመው የሚያምኑትን ያግኙ

ከደረጃዎቹ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙዎቻችን የምንዘለውም ይኸንኑ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዴቪድ ኦሱቤል በ1968 ባሳተመው ሥራው፣ በመማር ላይ ተጽዕኖ ከሚያደርጉ ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው ተማሪው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው ብሏል፤ ኦሱቤል ደግሞ በግልጽ ገለጻ ማስተማርን ከሚደግፉት ወገን የሚቆጠር ሰው ነው። ቅድመ ዕውቀትን መፈለግ እንግዲህ የአንድ ወገን ፋሽን አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትምህርቱ ከሚሰጥበት ዕለት ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለው፣ በሌላ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ይውሰዱ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ከደብተር ገጽ ግማሹ ይበቃዋል። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ መልሱ ነጥብ እንደማይያዝበት፣ በመጽሐፍ ያለውን ሳይሆን እውነት የሚመስላቸውን እንዲጽፉ ይንገሩ። ነጥብ አይያዝም የሚለውን መጀመሪያ አያምኑዎትም፤ ተከታታይ ምዘና በሚል ስም እያንዳንዷ ወረቀት ስትታረምባቸው ያደጉ ልጆች ናቸው። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ያምኑዎታል። መልሱን በፈለጉት ቋንቋ እንዲጽፉም ይፍቀዱ። ጅማ ውስጥ ብዙ ልጅ ቤቱ በአፋን ኦሮሞ እያሰበ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ «ቢዬ» ብሎ የጻፈ ልጅ አፈር ማለቱ ነው፣ «ቂሌንሳ» ያለውም አየር ማለቱ ነው። ልጁ በሦስተኛ ቋንቋው የሚጽፍልዎት የሚያምነውን ሳይሆን ሊጽፈው የቻለውን ነው።

ወረቀቶቹን ቤትዎ ወስደው አይረሙ፤ ይለዩ እንጂ። በእኔ ልምድ አራት ክምር ይወጣል። ትልቁ ክምር «ከአፈር» የሚለው ነው፤ ሥሩ አፈሩን እየበላ ዛፉን ያሳድጋል ማለት ነው። ሁለተኛው «ከውሃና ከዝናብ» ይላል። ሦስተኛው «ከፀሐይ» ይላል፤ እዚህ ላይ ጉልበትና ቁስ ተደባልቀዋል። አራተኛው ክምር «በፎቶሲንተሲስ ምክንያት» የሚል ነው። ጀማሪ መምህር ይህን አራተኛ ክምር ሲያይ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እርሱ ነው፤ ምክንያቱም «ከአፈር» ያለው ልጅ ሊፈተሽ የሚችል ሐሳብ አለው፣ «ፎቶሲንተሲስ» ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ያለው ቃል ብቻ ነው። እነዚህን ልጆች ለብቻቸው «እሺ፣ ፎቶሲንተሲስ ክብደቱን ከየት አመጣው?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ አብዛኞቹ ተመልሰው አፈር ላይ ይወድቃሉ።

በዚህ ደረጃ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከጎማ፣ ከማና ወይም ከሊሙ የመጣ ልጅ «ከአፈር» ሲል የሚናገረው የአባቱን የዕድሜ ልክ ልምድ ነው፤ ቡና በለም መሬት ላይ እንደሚያምርበት፣ ፍግ ሲጨመርለት እንደሚለመልም በዓይኑ አይቷል። ያ ልምድ እውነት ነው። የተሳሳተው ከልምዱ የተወሰደው ድምዳሜ ነው። የቋንቋችንም አነጋገር ለዚህ ድምዳሜ ይረዳል፦ ማዳበሪያ የተክል ምግብ ነው እንላለን፣ ዛፍ ከመሬት ይመገባል እንላለን፤ አየር ደግሞ በዕለት ንግግራችን ክብደት ያለው ነገር ሆኖ አያውቅም። ልጁን «ተሳስተሃል» ብለው ቢያሳፍሩት የሚያፍረው በራሱ ብቻ ሳይሆን በአባቱም ነው፤ ከዚያ በኋላ ለፈተና ብሎ የእርስዎን መልስ ይጽፋል፣ ቤቱ ሲገባ ግን የአባቱን ያምናል።

ደረጃ 3፦ የሚጋጩትን ማስረጃዎች ያዘጋጁ

ነባር እምነት በገለጻ ብቻ አይነቃነቅም። እ.ኤ.አ. በ1982 ፖስነር የተባለ የትምህርት ተመራማሪና ሦስት ባልደረቦቹ እንዳቀረቡት፣ ሰው ሐሳቡን እንዲለውጥ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ በያዘው ሐሳብ እርካታ ማጣት፣ አዲሱ ሐሳብ የሚገባው መሆን፣ የሚታመን መምሰል፣ ከዚያም አልፎ ሌላ ነገር ለማስረዳት የሚጠቅም ሆኖ መገኘት። ለቡናው ጥያቄ ሦስት ማስረጃዎችን እጠቀማለሁ።

የመጀመሪያው ከቤልጅየም ምድር የመጣ አሮጌ ሙከራ ነው። ያን ባፕቲስት ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም፣ የደረቀ 200 ፓውንድ አፈር በዕቃ ውስጥ አድርጎ 5 ፓውንድ የምትመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት፤ ለአምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣት። በመጨረሻ ዛፏ 169 ፓውንድ ከጥቂት አውንስ ስትመዝን፣ አፈሩ የጎደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር። በእኛ ልኬት ዛፏ 74 ኪሎ ግራም ያህል ስትጨምር አፈሩ 60 ግራም እንኳ አልቀነሰም ማለት ነው። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1648፣ ከሞተ በኋላ ነው። ቁጥሮቹን ብቻ በትልቅ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ የእርሱን ድምዳሜ ግን ለጊዜው ይደብቁ፤ ምክንያቱም እርሱም ተሳስቷል። ክብደቱ ሁሉ ከውሃ መጣ ብሎ ነበር የደመደመው። የሚገርመው «ጋዝ» የሚለውን ቃል ለሳይንስ ያበረከተው ይኸው ሰው መሆኑ፣ ከሰል ሲቃጠል የሚወጣውንም ጋዝ ለይቶ ማወቁ ነው፤ 62 ፓውንድ የኦክ ከሰል ተቃጥሎ አንድ ፓውንድ አመድ ብቻ እንደሚተው ጽፏል። መልሱ በእጁ ነበር፤ ሁለቱን ግን አላገናኛቸውም። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ማስረጃ ለብቻው እንደማይናገር ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ሁለተኛው ማስረጃ አመድ ነው። ደረቅ የቡና ቅርንጫፍ 100 ግራም መዝነው በቆርቆሮ ላይ፣ ከክፍል ውጭ፣ ነፋስ በማይበትነው ስፍራ ሙሉ በሙሉ አቃጥለው አመዱን ይመዝኑ። የሚቀረው ጥቂት ግራም ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪቃጠል ከአንድ ክፍለ ጊዜ በላይ ስለሚወስድ ሥራውን በዋዜማው ያድርጉት፤ ነገር ግን ብቻዎን አይሥሩት። ክፍሉ የሚያምናቸው ሁለት ተማሪዎች መዝነው ቁጥሩን በእጃቸው ጽፈው ይፈርሙበት። መምህር ብቻውን ያመጣው ቁጥር የመጽሐፍ ቁጥር ነው፤ የክፍል ጓደኛ የመሰከረበት ግን ማስረጃ ይሆናል። ላቦራቶሪ ሚዛን ከሌለ የቅመም ነጋዴ ሚዛን ይበቃል።

ሦስተኛው የክፍሉ አየር ነው። በጅማ ከፍታ ላይ አንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ከ1 ኪሎ ግራም በጥቂቱ ያነሰ ይመዝናል። ርዝመቱ 8፣ ስፋቱ 7፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 168 ኪዩቢክ ሜትር ይይዛል፤ ስለዚህ በተማሪዎቹ ዙሪያ ያለው አየር አሥር ፈረሱላ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው። የራስዎን ክፍል በሜትር ያስለኩ። ስሌቱን ራሳቸው ሲያወጡ የሚያደርጉትን ይመልከቱ፤ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ጣሪያውን ቀና ብሎ ያያል።

ደረጃ 4፦ አርባውን ደቂቃ ይምሩ

ክፍለ ጊዜውን በግምት ይጀምሩ። የቫን ሄልሞንትን ዛፍና አፈር የመነሻ ክብደት ብቻ አሳይተው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አፈሩ ስንት ይሆናል ብለው እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ቁጥር እንዲጽፍ ያድርጉ። ለብቻው የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፤ በቃል ከጠየቁ የመጀመሪያው ጎበዝ ተማሪ መልስ የሁሉም መልስ ይሆናል። ሳይገምት ያየ ተማሪ «አውቄው ነበር» ይላል፤ ጽፎ የገመተ ግን ማምለጫ የለውም።

ከዚያ ውጤቱን ይግለጡ፤ ቀጥሎም ዝም ይበሉ። አንድ ደቂቃ ዝምታ ለመምህር ረጅም ነው። ሹክሹክታው ሲጀምር «አፈሩ ካልጎደለ ክብደቱ ከየት መጣ?» ብለው ወደ ቡድን ሥራ ይልቀቋቸው። በዚህ ሰዓት ብዙዎቹ ወደ ውሃ ይሄዳሉ፤ ይሂዱ። አመዱን የሚያወጡት ያኔ ነው፦ «እንጨቱ ከውሃ ብቻ የተሠራ ቢሆን ይነድ ነበር? 100 ግራሙ የት ገባ?» ጭሱን፣ ቀጥሎም በዓይን የማይታየውን ጋዝ የሚያነሣ ልጅ አይጠፋም። ወደ አየር ከሄደ፣ ከአየር ሊመጣ አይችልም ወይ የሚለውን ጥያቄ ከተማሪ አፍ ይጠብቁ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቀው ካልመጣ ራስዎ ይጠይቁት። የክፍሉን አየር የሚያስለኩት «አየር እንዴት ይመዝናል?» የሚል ተቃውሞ ሲነሣ ብቻ ነው። ማስረጃው ከጥያቄው ቀድሞ ከመጣ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

የመጨረሻዎቹን አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ለራስዎ ያስቀሩ። ምክንያቱን በደረጃ 6 እገልጻለሁ።

ደረጃ 5፦ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል የቡድን ሥራ

ወንበር ማዞር አያስፈልግም፤ ጊዜ ይበላል፣ ጎረቤት ክፍልም ይረብሻል። አንድ ዴስክ ላይ ያሉት ከኋላቸው ወዳለው ዴስክ ቢዞሩ ስድስት ይሆናሉ። ስድስት ለውይይት ይበዛል፤ ስለዚህ በዴስካቸው ሦስት ሦስት ሆነው ተወያይተው፣ ከኋላው ዴስክ ጋር መልስ ያነጻጽሩ። በደረጃ 2 የለዩዋቸውን ክምሮች እዚህ ይጠቀሙባቸው፦ «ከአፈር» ያለውን «ከውሃ» ካለው ጋር ያቀላቅሉ። ተመሳሳይ እምነት ያላቸው ሦስት ልጆች ይስማማሉ እንጂ አይከራከሩም። ቪጎትስኪ የተሻለ ሰው ሲል የግድ አንደኛ የሚወጣውን ማለቱ አይደለም፤ በዚህ ጥያቄ ላይ ቤቱ ከሰል የሚያከስል ልጅ ከደረጃ ተማሪው ሊበልጥ ይችላል። ሪፖርት የሚያቀርበውን ደግሞ ውይይቱ ካለቀ በኋላ እርስዎ ይምረጡ፤ አስቀድሞ ከታወቀ ሌሎቹ ያርፋሉ።

ደረጃ 6፦ ድጋፉን ይስጡ፤ በጊዜውም ያንሡት

ህንጻ ሲሠራ የባሕር ዛፍ ርብራብ ይቆማል፤ ግድግዳው ሲጠነክር ይፈርሳል። ስካፎልዲንግ (ርብራብ) የሚለው አነጋገር በማስተማር ጉዳይ የታወቀው የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ዉድ፣ ብሩነርና ሮስ እ.ኤ.አ. በ1976 ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው ልጆች የእንጨት ቁርጥራጭ ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አዋቂ እንዴት እንደሚያግዛቸው ካጠኑ ወዲህ ነው። ከእኛ ዘንድ ለሚመጣ ምሳሌ ከቅኔ ቤት የሚበልጥ አላውቅም። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይወጣል፤ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ መድገም ግን አይበቃውም፣ የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት። መንገዱን መምህሩ ይሰጠዋል፤ ቅኔው የእርሱ ነው። የቆየው ትምህርታችን ሽምደዳ ብቻ ነበር የሚለው ወቀሳ ዜማና ንባብ ቤቱን አይቶ ቅኔ ቤቱን የዘለለ ይመስለኛል።

የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ደቂቃዎች ለዚሁ ርብራብ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 የትምህርት ሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ ያቀረቡት ትችት፣ በመስኩ ገና ጀማሪ የሆነ ተማሪ ያለ በቂ አመራር እንዲደርስበት ሲተው የአጭር ጊዜ ትውስታው እንደሚጨናነቅና ትንሽ እንደሚማር ያሳስባል። ትችቱ አከራክሯል፤ ለእኔ ግን በዚህ ነጥብ ላይ ትክክል ነው። የትኛውም ክፍል በአርባ ደቂቃ ውይይት የፎቶሲንተሲስን ቀመር አያገኝም፤ የሰው ልጅም ከቫን ሄልሞንት በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ስለዚህ ጥያቄው በደንብ ሲበስል በግልጽ ያስተምሩ፦ ቅጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር፣ ውሃን በሥሩ በኩል ከአፈር ይወስዳል፤ በብርሃን ጉልበት ስኳር ይሠራል፤ ኦክስጅን ይወጣል። የደረቅ እንጨት ክብደት ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው፣ ያ ካርቦንም የመጣው ከአየር ነው። አመዱ ግን ከአፈር የመጡት ማዕድናት ናቸው። አፈር ያሉት ልጆች በአመዱ ልክ ትክክል እንደነበሩ፣ ውሃ ያሉትም በከፊል ትክክል እንደነበሩ በስማቸው ሳይሆን በሐሳባቸው ይጥቀሱ። ፀሐይ ያሉት ደግሞ ጉልበቱን እንጂ ቁሱን አልነገሩንም። ገለጻው ያው ገለጻ ነው፤ ልዩነቱ አሁን የሚያርፍበት ስፍራ ማግኘቱ ነው።

ፈጣኖቹ እንዳይሰለቹ አንድ ተጨማሪ ስሌት ያዘጋጁ። በተፈጥሮ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በይዘት 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከአሥሩ ፈረሱላ የክፍል አየር ውስጥ ያለው ወደ 100 ግራም ነው። አንድ ዛፍ ስንት ክፍል ሙሉ አየር ማጣራት አለበት የሚለውን ይሥሩ።

ደረጃ 7፦ ባልተማሩት ነገር ይመዝኑ

«ፎቶሲንተሲስ ምንድን ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስልዎት ደብተሩ ነው። ሐሳቡ የተማሪው መሆኑ የሚታወቀው ወዳልተነገረበት ስፍራ ይዞት ሲሻገር ነው። እኔ የምጠይቀው በጾም ወራት አካባቢ ነው፤ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፦ «ሰው ሲከሳ የጠፋው ስብ የት ሄደ?» ብዙ ሰው በላብ ወጣ፣ ወደ ጉልበት ተቀየረ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ስሌት እንደሚያሳየው 10 ኪሎ ግራም ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በሳንባ፣ 1.6 ኪሎ ግራሙ ውሃ ሆኖ ይወጣል። የቡናውን ዛፍ የተረዳ ልጅ ቁጥሩን ባያውቅም «በትንፋሽ» ብሎ ሊገምት ይችላል። ለአራት ነጥብ የሚበቃ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ለመልሱ፣ ሁለቱን ለምክንያቱ ይስጡ፤ ምክንያቱ ጥሩ ሆኖ መልሱ የተሳሳተ ወረቀትም ነጥብ ያግኝ።

ደረጃ 8፦ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ይመልሱት

አሮጌ ሐሳብ አይሞትም፤ ይሸሸጋል። ሁለት ሳምንት ቆይተው፣ ማስታወቂያ ሳይሰጡ፣ በደረጃ 2 የሰበሰቧቸውን ወረቀቶች ለየባለቤቶቻቸው መልሰው ከመጀመሪያው መልሳቸው በታች አሁን የሚያስቡትን እንዲጽፉ ያድርጉ። ከአፈር ወደ አየር የተሻገረው ምን እንዳሻገረው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨምርበት፤ ያልተሻገረውም ያልተዋጠለትን ይጻፍ። ይህ ወረቀት ለእርስዎ ከማንኛውም የሱፐርቪዥን አስተያየት የበለጠ ይነግርዎታል። ለምሳሌ አመዱ ስንቱን እንዳሳመነ፣ የአየሩ ስሌትስ ለስንቱ ጌጥ ሆኖ እንደቀረ ከዚያ ላይ ይቆጥሩታል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያስቀድሙትንና የሚያስቀሩትንም ከዚያው ይወስናሉ።

ባለፈው ጊዜ ከደረሱኝ ወረቀቶች አንዱ ላይ፣ «ከአፈር» ከሚለው መስመር በታች፣ በአንዲት ልጅ እጅ እንዲህ ተጽፎ አገኘሁ፦ «ከአየር መሆኑን አምኛለሁ። ግን ክብደቱ ከአየር ከሆነ አባቴ ለምን ፍግ ይጨምራል?» ጥያቄውን እንዳለ ሰሌዳው ላይ ገልብጬ ስለ ማዕድናትና ስለ ናይትሮጅን ልሰጠው የነበረውን የቀጣዩን ክፍለ ጊዜ በእርሱ ጀመርኩት፤ የቅድመ ዕውቀት ወረቀትም በዚያ ሳምንት ሌላ አላዘጋጀሁም።